ግልጽ ደብዳቤ ለዋሽንግተን ዊዛርድስ፦ ድራፍት የዘንድሮን ቀዳዳ መድፈኛ አይደለም

ለዋሽንግተን ዊዛርድስ የቅርጫት ኳስ ክፍል ኃላፊዎችና መልማዮች
ግልባጭ፦ ቡድኑን በአማርኛ ለሚከታተል ሁሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በዋሽንግተን ከተማ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ከሚኖረው ሐበሻ መካከል ቅርጫት ኳስን ከልቡ የሚከታተለው ቀላል አይደለም። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ግን የሽንፈት እሮሮ ለማሰማት አይደለም። ዕጩ ተጫዋች እንዴት እንደሚመዘን የምናውቀውን በዝርዝር አስቀምጠን አንድ ነገር ልንጠይቃችሁ ነው። በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ ስትመርጡ «ዘንድሮ ምን ጎደለን?» የሚለውን ትታችሁ «ይህ ልጅ በ4ኛ ዓመቱ ምን ይሆናል?» በሚለው ምረጡ፤ መመዘኛውንም የምርጫውን ተራ የሚወስነው ሎተሪ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ አስቀምጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ2021 እንጀምር። ቡድኑ 15ኛውን ምርጫ ይዞ ኮሪ ኪስፐርትን ከጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። ኪስፐርት ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፤ በመጨረሻው የኮሌጅ ዓመቱ ከሦስት ነጥብ መስመር 44 በመቶ አግብቷል። ተኳሽ ለሚያስፈልገው ቡድን ልክ የተሰፋለት ይመስል ነበር። ቀጥሎ በ16ኛው ምርጫ የወጣው አልፔረን ሼንጉን ነው፤ ገና 19 ዓመት የሞላው፣ በቱርክ ከፍተኛ ሊግ ከአዋቂዎች ጋር ተጫውቶ የዘመኑ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ። በ2025 የኤንቢኤ (የአሜሪካ ከፍተኛ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ኦል ስታር፣ ማለትም ከሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ፣ ሆነ። ኪስፐርት ክፉ ተጫዋች አልነበረም፤ የታሰበለትን ሥራ ሠርቷል። ልብ ማለት የሚገባው ሌላው ነገር ነው፦ ራስል ዌስትብሩክ ወደ ሌከርስ እንዲሄድ ስምምነት የተደረሰው በዚያው በድራፍቱ ዕለት ነው። ጉድለቱ የተለካበት ቡድን ልጁ ማሊያ ሳይለብስ ፈረሰ። የአንድ ዓመት ቡድን ጉድለት ዕድሜው ይህን ያህል አጭር ነው፤ የዕጩው ውል ግን እስከ አራት ዓመት ይዘልቃል።

ዕድሜን በዓመት ሳይሆን በወር ቁጠሩ። በድራፍቱ ሌሊት 18 ዓመት ከ11 ወር የሆነውና 22 ዓመት ከ3 ወር የሆነው ሁለቱም በጨዋታ 18 ነጥብ እያስቆጠሩ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ቢሰፍሩ ቁጥሮቹ ያሳስታሉ። ትልቁ ልጅ ከእሱ ሦስት ዓመት ከሚያንሱት ጋር እየተጋፋ ነው 18 ነጥብ ያስቆጠረው። ስለዚህ የ22 ዓመቱን ዕጩ ከሌላው ልጅ ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት እሱ ራሱ በ19 ዓመቱ ከነበረው ጋር አወዳድሩት። እድገቱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የመጣ ከሆነ እመኑት። በመጨረሻው ዓመት ብቻ ድንገት የፈነዳ ከሆነ የተቃራኒ ቡድኖቹን ዕድሜና ቁመት መርምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እዚያ ይገኛል።

ዕድሜ ብቻውን ግን ሚዛን አይሆንም፤ ይህን ያሳየው በቀጣዩ ዓመት የራሳችሁ ምርጫ ነው። በ2022 በ10ኛው ምርጫ ጆኒ ዴቪስን ከዊስኮንሲን ወሰዳችሁ። 20 ዓመቱ ነበር፣ በትልቅ የኮሌጅ ሊግ (ኮንፈረንስ) በጨዋታ በአማካይ 19.7 ነጥብ ያገባ። ከሁለት ምርጫ በኋላ ኦክላሆማ ሲቲ ጄይለን ዊሊያምስን አነሳ፤ 21 ዓመቱ፣ በትንሿ ሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት የቆየ። በዕድሜና በዝና ቢሆን ዴቪስ ይቀድም ነበር። ሌሎቹ ቁጥሮች ግን ሌላ ነገር ይሉ ነበር። ዴቪስ ከሦስት ነጥብ 30.6 በመቶ ነው ያገባው፤ ከነጥቦቹም ብዙዎቹ ከተከላካይ ጋር እየተጋፋ ከመሐል ርቀት የወረወራቸው ነበሩ። በኤንቢኤ ይህን ውርወራ እንዲወረውሩ የሚፈቀድላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዊሊያምስ በበኩሉ 39.6 በመቶ ይተኩሳል፣ ለጓደኞቹ ያቀብላል፣ ቁመቱ 1.95 ሜትር ገደማ ሆኖ የተዘረጋ ክንዱ 2.19 ሜትር ይደርሳል። ኦክላሆማ በ2025 ዋንጫውን ሲያነሳ ሁለተኛው ምሰሶ እሱ ነበር። ዕጩ ሲመዘን ስንት ነጥብ አገባ ብቻ ሳይሆን ከየት፣ በምን ዓይነት ኳስ፣ በማን ረዳትነት አገባ የሚለው መጠየቅ አለበት። ኳሱን ከእጁ ስትወስዱበት የሚቀረው ምንድን ነው? አዲስ ገቢ ሁሉ ኤንቢኤ ሲደርስ መጀመሪያ የሚነጠቀው ኳሱን ነው።

አሁን ስለ ተኩስ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንቆያለን።

አንድ ዕጩ በኮሌጅ አንድ ዓመት ቆይቶ ከሦስት ነጥብ መስመር 130 ጊዜ ወረወረ እንበል። እውነተኛ ችሎታው 35 በመቶ ቢሆን እንኳ በዕድል ብቻ ከ31 እስከ 39 በመቶ ያለ ውጤት ሊያሳይ ይችላል፤ ከሦስት እንዲህ ካሉ ልጆች አንዱ ደግሞ ከዚህም ክልል ውጭ ይወድቃል። ስለዚህ በ38 እና በ33 መካከል ባለው ልዩነት ተማምኖ ልጅ መጣል ሳንቲም ወርውሮ እንደ መወሰን ነው። ቁጥሩ እንዲያናግራችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የሁሉንም ዓመታት ውርወራ ደምሩ፤ የሁለተኛ ደረጃ፣ የአውሮፓ ወጣቶች ውድድርና የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ሳይቀር። ሁለተኛ፣ የነጻ ውርወራውን ተመልከቱ። መስመሩ በሁሉም ቦታ 4.6 ሜትር ገደማ ነው፣ ተከላካይ የለበትም፣ የእጅን ንጽሕና ብቻ ነው የሚለካው። ሦስተኛ፣ የሚደፍረውን ብዛት ቁጠሩ፤ በጨዋታ ስድስት ጊዜ የሚወረውር ልጅና ክፍት ሲሆን ብቻ ሁለቴ የሚወረውር ልጅ እኩል በመቶ ቢኖራቸውም አንድ አይደሉም።

ነጻ ውርወራው ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ሦስት ነጥቡ 31 የሆነውን ልጅ፣ ነጻ ውርወራው 62 ሆኖ ሦስት ነጥቡ 39 ከሆነው አስቀድሙ። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ያድጋል፤ ሁለተኛው ወደ ታች ይወርዳል። በ2025 በ6ኛው ምርጫ የወሰዳችሁት ትሬ ጆንሰን በዚህ መመዘኛ ያለ ጥያቄ የሚያልፍ ነው፦ በቴክሳስ ከሦስት ነጥብ 39.7፣ ከነጻ ውርወራ 87.1 በመቶ። ሁለቱ ሲስማሙ ስለ ተኩሱ መከራከር አያስፈልግም፤ ክርክሩን ለመከላከሉና ቀለበቱ ሥር ገብቶ ለመጨረሱ አስቀምጡት። በተቃራኒው ያን ቬሴሊን አስታውሱ። በ2011 በ6ኛው ምርጫ ወሰዳችሁት፤ በኤንቢኤ ቆይታው ከነጻ ውርወራው ግማሹን እንኳ ማግባት ተሳነው። ክሌይ ቶምፕሰን በ11ኛ፣ ካዋይ ሌናርድ በ15ኛ ነበር የወጡት። ለቬሴሊ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ወደ አውሮፓ ተመልሶ በ2019 የዩሮሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። የሚችለው ሥራ ነበረው፤ እዚህ ያ ሥራ አልተሰጠውም።

የርቀቱን ነገርም አትዘንጉ። የኮሌጅ ሦስት ነጥብ መስመር 6.75 ሜትር ላይ ነው፤ የኤንቢኤው ከፊት ለፊት 7.24፣ ከማዕዘኑ ግን 6.70 ብቻ። ስለዚህ ከማዕዘን የሚተኩስ ልጅ ሲያልፍ እምብዛም ርቀት አይጨመርበትም፤ ኳስ እያንጠባጠበ ከላይ የሚተኩሰው ግን ግማሽ ሜትር ይጨመርበታል። ቪዲዮ ሲታይ እያንዳንዱን ውርወራ እግሩ ከመስመሩ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ አብራችሁ መዝግቡ።

የአወራወር መልክ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይወራለታል። በ2020 ታይሪስ ሃሊበርተን እስከ 12ኛ ድረስ ወረደ፤ እናንተም በ9ኛው ዴኒ አቭዲያን ስትወስዱ አለፋችሁት። አወራወሩ ከደረት የሚገፋ፣ ለዓይን የሚያስቀይም ነበር። ነገር ግን በኮሌጅ ሁለቱንም ዓመት ከሦስት ነጥብ ከ40 በመቶ በላይ አግብቷል፣ ማን የት እንደሚቆምም ከሁሉ ቀድሞ ያይ ነበር። በ2025 ኢንዲያናን ለፍጻሜ ያደረሰው እሱ ነው። መልኩ የሚያስቀይም ግን በየጊዜው አንድ ዓይነት የሆነ አወራወር፣ መልኩ የሚያምር ግን በየጨዋታው ከሚለዋወጥ ይሻላል። የመልቀቂያ ጊዜውን በሰከንድ ለኩ፤ ኳሱ እጁ ከገባ እስኪለቅቀው ያለው ጊዜ ተከላካይ ሲቀርበው ካልተለወጠ መልኩን ለመጽሔት ተዉት።

ቆሞ መተኮስ ይማራሉ፤ አሠልጣኞቻችሁ በዓመት ውስጥ ሊያሻሽሉት ይችላሉ። ቀድሞ ማየትን ግን በ20 ዓመቱ የሚጀምር የለም። ይህ በቁጥር የሚታየው ከጠበቅነው ቦታ አይደለም፦ በነጠቃና ኳስ በማገድ ብዛት፣ ባቀበለውና ባባከነው ኳስ ንጽጽር። ሁሉንም በ100 ኳስ ይዞታ አስሉ፤ ፈጣን የሚጫወት ቡድን የልጆቹን ቁጥር ሁሉ ያሳብጣል።

በቺካጎ በሜይ ወር በሚደረገው የዕጩዎች የአካል ልኬት ላይ የምንለው አጭር ነው። በባዶ እግር የተለካውን ብቻ ውሰዱ። ለረጃጅሞቹ ከቁመት ይልቅ ቆመው እጅ ሲዘረጉ የሚደርሱበት ከፍታ ይበልጣል፤ ለክንፍ ተጫዋቾች የክንድ ርዝመት። የዝላይ ቁጥርን እርሱት ማለት ይቻላል፤ ይልቅ በጨዋታ ውስጥ ሁለተኛውን ዝላይ ምን ያህል ቶሎ እንደሚዘል ተመልከቱ። ዘግይቶ የረዘመ ልጅ ካገኛችሁ ግን ልዩ ትኩረት ስጡት፤ ኪሾን ጆርጅ አጭር ሳለ የጋርድ (የኳስ አመላላሽ) ሥራ ተምሮ በኋላ ነው 2 ሜትር ያለፈው። በ2024 በ24ኛው ምርጫ ያገኛችሁት እንዲህ ያለ ችሎታ ከ10ኛ በፊት ቢወጣ ውድ አይባልም ነበር።

የሕክምና ወረቀት ዋጋ መቀነሻ እንጂ በር መዝጊያ አይሁን። ጆኤል ኤምቢድ በ2014 ድራፍት ዋዜማ እግሩ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በ3ኛ ወረደ፤ ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን አልተጫወተም፤ በ2023 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ሐኪሙ «እምቢ» ወይም «እሺ» ብቻ አይበላችሁ። ጉዳቱ ተመልሶ የመምጣቱን ዕድልና በዓመት ስንት ጨዋታ እንደሚያስቀር ይጻፍላችሁ፤ እናንተ ደግሞ በደረጃ ዝርዝራችሁ ላይ ስንት ቦታ እንደሚያወርደው አስቀድማችሁ ወስኑ።

ስለ ቪዲዮ። አምስት ጨዋታ ይበቃል፣ ግን ወኪሉ የሚልክላችሁን አይደለም። ሁለቱ እጅግ የተበላሸባቸው፣ አንዱ ረጃጅምና ፈጣን ቡድን የገጠመበት፣ አንዱ በተከታታይ ቀን የተጫወተው ሁለተኛ ጨዋታ፣ አንዱ ደግሞ የዓመቱ መጀመሪያ ይሁን። ድምፁን አጥፉት፤ ተንታኝ የሚያደንቀውን ልጅ ዓይን ሳያውቅ ያደንቃል። ኳሱን አትከተሉ፣ ልጁን ብቻ። በፒክ ኤንድ ሮል (አንዱ ተጫዋች ተከላካዩን በአካሉ አግዶ ወደ ቀለበቱ በሚሮጥበት ጨዋታ) ጊዜ ኳሱ በሌለበት ጎን ቆሞ ሳለ ወደ ቀለበቱ የሚወርደውን ረጅም ለመዝጋት ስንት እርምጃ ገባ? ከዚያ ወደ ራሱ ሰው ሲመለስ እጁ ከፍ ብሎ ነው ወይስ ሮጦ አለፈው? ውርወራ ከሳተ በኋላ ባሉት ሦስት ሰከንዶች ወዴት ነው የሚያየው፣ ወደ ዳኛው ወይስ ወደ ኋላ? እያንዳንዱን በአንድ መስመር ጻፉ። አርባ እንዲህ ያለ መስመር ከአንድ የሚያምር ዳንክ በላይ ይናገራል።

በባዶ ጂም የሚደረግ የግል ልምምድ ግን አብዛኛው ትርኢት ነው። ወኪሎች ማን የት እንደሚሄድ ይመርጣሉ፣ ተቀናቃኝ ልጆችን አያገናኙም፣ ልጁም ሳምንቱን ሙሉ የለመደውን ይወረውራል። ከመጣ አንድ ነገር ፈትኑ፦ ጠዋት የማያውቀውን አንድ ስልት አስተምሩት፤ ከሰዓት በኋላ ደክሞት ሳለ ድገም በሉት።

ቃለ መጠይቁ ላይ እኛ ከሌላው የተሻለ የምናውቀው ነገር አለ። ከአፍሪካ የሚመጣ ወጣት ታላላቆቹ ፊት ዓይን ለዓይን ላይተያይ፣ ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ፣ «እኔ» ማለትን ሊጠላ ይችላል። በእኛ ቤት ይህ የአስተዳደግ ምልክት ነው፤ በእናንተ የቃለ መጠይቅ ወረቀት ላይ ግን «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ተብሎ ሲመዘገብ ይገኛል። «ምን ዓይነት መሪ ነህ?» አትበሉት። የራሱን ስህተት በቪዲዮ አሳዩትና ምን እንደሆነ በፈለገው ቋንቋ ያስረዳችሁ፤ አስተርጓሚውም ቅርጫት ኳስ የሚያውቅ ይሁን። ለእነዚህ ልጆች ከልደት ዕድሜ ጋር የጨዋታ ዕድሜም ይቆጠር። ካማን ማሉዋች በደቡብ ሱዳን ተወልዶ በኡጋንዳ አድጎ ኳሱን የጀመረው በ13 ዓመቱ አካባቢ ነው፤ በሴኔጋል የኤንቢኤ አካዳሚ፣ ከዚያ ዱክ፣ በ2025 በ10ኛው ምርጫ ወጣ። በዱክ ከነጻ ውርወራው ከሦስት አራተኛ በላይ አግብቷል። ለዚያ ቁመትና ለዚያ አጭር የጨዋታ ዕድሜ ይህ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው፤ አምስት ዓመት ገደማ የተማረ ልጅ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ወደ ደረጃ ዝርዝሩ እንምጣ። ከ1 እስከ 60 በተራ መደርደር በ14ኛና በ17ኛ መካከል የሌለ ልዩነት ያለ ያስመስላል። በእርከን መድቡ፦ ኮከብ ሊሆን የሚችል፣ ቋሚ ተሰላፊ፣ ከተጠባባቂ ወንበር የሚገባ፣ ለሙከራ። እያንዳንዱ መልማይ ከስብሰባው በፊት፣ ሌላው ምን እንዳለ ሳያይ፣ እርከኑንና ምክንያቱን ጽፎ ያስገባ። መጀመሪያ ዋናው ኃላፊ ከተናገረ የቀሩት ሁሉ ያንኑ ነው የሚደግሙት። ሰዎች የተስማሙበት ልጅ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ አንዱ 1ኛ እርከን ሌላው 3ኛ ያለበትን አንሱና ሁለቱ አንድ ላይ ቪዲዮውን ይዩ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ያየው ሌላው ያላየው ጨዋታ አለ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ «ተሳስተን ከሆነ ምክንያቱ ይህ ይሆናል።» ከሦስት ዓመት በኋላ ያ መስመር የትኛው መልማይ ምን እንደሚያይ ይነግራችኋል። የቡድኑ ጉድለት ቦታ ያለው እዚህ ብቻ ነው፤ በአንድ እርከን ሁለት ልጆች እኩል ሲሆኑ ያኔ የጎደለው ይወስን።

እርከን ሌላም ጥቅም አለው። ተራችሁ ደርሶ በዚያው እርከን አምስት ልጆች ካሉ ሁለት ሦስት ቦታ ወርዳችሁ ተጨማሪ ምርጫ ተቀበሉ፤ አንድ ብቻ ከቀረ አትንቀሳቀሱ። በመጀመሪያው ዙር ያለው ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፣ በሁለተኛው 4። ይህ ለማሰብ አይበቃም፤ የተጻፈ ለማንበብ ግን ይበቃል።

የሎተሪው ነገር ደግሞ ማንንም ሊያስተምር ይገባል። በ2024–25 ቡድናችሁ 18 አሸንፎ 64 ተሸነፈ፣ ከሊጉ ሁለተኛው ዝቅተኛ ውጤት። በነበረው ሕግ 1ኛ ምርጫ የማግኘት ዕድሉ 14 በመቶ፣ እስከ 6ኛ የመውረድ ዕድሉ ደግሞ ከ5 አንድ ገደማ ነበር። ወደ 6ኛ ወረደ። የዓመቱን ዋና ተፈላጊ ዕጩ ኩፐር ፍላግን 1.8 በመቶ ዕድል የነበረው ዳላስ ወሰደ። ዝርዝራችሁ ለአንድ ስም ተብሎ ከተሠራ ሎተሪው በወጣ ማግስት ምንም የላችሁም።

ከተመረጠ በኋላ ስለሚሆነው ሳንናገር አንጨርስም፤ ጥሩ ምርጫ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። የአንደኛ ዙር ልጅ የ3ኛ ዓመት ውሉን ማራዘም አለማራዘማችሁን የምትወስኑት የመጀመሪያ ዓመቱን ከጨረሰ በኋላ እስከ ኦክቶበር 31 ነው። ማለትም የምታዩት አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው፤ እሱም እንዲያናግራችሁ ልጁ በትክክለኛ ሥራ ላይ መታየት አለበት። አምስት ጀማሪዎች አንድ ላይ ሜዳ ላይ ከቆሙ ስክሪን የሚያቆም (ተከላካዩን በአካሉ የሚያግድ) የለም፣ ኳሱ በሰዓቱ አይመጣም፣ የሁሉም ቁጥር ይበላሻል፤ ማን ደካማ እንደሆነም አይለይም። በ2024–25 በብ ካሪንግተን በጀማሪነቱ 82ቱንም ጨዋታ ተጫውቷል። ጽናቱ ይደነቃል፤ ከጎኑ ሁልጊዜ ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች ቢኖሩ ግን ስለ እሱ የምታውቁት ዛሬ በእጥፍ ይሆን ነበር። በኮንግረስ ሃይትስ የሚጫወተው የማሳደጊያ ቡድናችሁ ካፒታል ሲቲ ጎ-ጎም የቅጣት ቦታ አይሁን። ልጁ ወደዚያ ሲወርድ በዋናው ቡድን የሚጠበቅበትን ያንኑ ሥራ ይሥራ። እዚያ 30 ነጥብ እንዲያገባ ከተለቀቀ የሚማረው ሲመለስ የማይፈቀድለትን ነገር ነው። የአወራወር እርማትም አንድ በአንድ፣ በክረምት ብቻ፤ በውድድር መሐል እጁን የቀየራችሁበት ልጅ ሁለቱንም አወራወር ያጣል።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ድራፍት በፊት ሦስት ነገር እንዲደረግ በአክብሮት እንጠይቃለን። መመዘኛዎቻችሁና ክብደታቸው ሎተሪው ከመውጣቱ በፊት ተጽፈው ይታሸጉ። ከድራፍቱ በኋላ በሚሰጠው መግለጫ «የምንወደው ልጅ ነበር» በሚለው ፋንታ የመረጣችሁት ልጅ በ4ኛ ዓመቱ ምን ሥራ እንዲሠራ እንደታሰበ ለሕዝብ ይነገር። ከ2021 ወዲህ ያሉት ምርጫዎችም በዚሁ መመዘኛ እንደገና ተመዝነው፣ የትኛው መልማይ ምን ጽፎ እንደነበረ ተለይቶ፣ ውጤቱ በቤታችሁ ውስጥ ይነበብ፤ ለእኛ ማሳየት አይጠበቅባችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
በዋሽንግተንና አካባቢው ቅርጫት ኳስን በአማርኛ የምንከታተልና የምንተነትን